ዳንኤላ ቬጋ፦ ቺሊያዊቷ ተዋናይትና ዘፋኝ

ዳንኤላ ቬጋ የፊልም ተዋናይትና የኦፔራ ዘፋኝ ናት። የተወለደችው በ1989 በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ትራንስጀንደር ሴት ናት። ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዘገበች፤ ሴትነቷን በግልጽ መኖር የጀመረችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ነው። ዓለም ያወቃት በ2017 በወጣው «ድንቅ ሴት» በተሰኘው ፊልም ነው። ስለ እሷ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማንነቷ ብቻ ነው። ትወናዋም የዚያኑ ያህል ሊወራለት ይገባል።

ከትወናው በፊት ድምጿ ነበር። በልጅነቷ፣ በስምንት ዓመቷ ገደማ፣ ለኦፔራ የሚሆን ድምፅ እንዳላት ታየ። ትምህርት ቤት ግን አልተመቻትም። እኩዮቿ ያንገላቷት ነበር። እፎይ የምትለው ቤቷ ስትገባ ነው፤ ማንነቷን ስትነግራቸው ወላጆቿ ከጎኗ ቆሙ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ትራንስጀንደር ልጆች መጀመሪያ የሚያጡት ቤታቸውን ነው።

ችግሩ ሥራ ነበር። እሷን የመሰለ ሰው መድረክ ላይ የሚያወጣ ብዙ አልነበረም። ስለዚህ ፀጉር ቤት ገብታ መሥራት ጀመረች። ጎን ለጎን ወደ ሳንቲያጎ ቴአትር ቤቶች ብቅ አለች፤ የራሷን የለውጥ ጉዞ መነሻ ያደረገ ቴአትርም ተጫወተች። በ2014 «ጉብኝቱ» በተባለ ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ ሆነች። ፊልሙ አባቷ ሞቶ ለቅሶ ልትቀመጥ ወደ ቤት ስለተመለሰች ትራንስጀንደር ሴት ነው።

የ«ድንቅ ሴት» ዳይሬክተር ሴባስቲያን ሌሊዮ መጀመሪያ የፈለጋት ለትወና አልነበረም። ትራንስጀንደር ሴት ያለችበት ታሪክ ሊጽፍ አስቦ፣ ስለ ኑሮው የሚያማክረው ሰው እየፈለገ ነበር። ተገናኙ፣ ደጋግመው አወሩ። ጽሑፉ እያደገ ሲሄድ ማሪና የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ከእሷ ሌላ ማን ሊጫወታት እንደሚችል መገመት አቃተው። ውሳኔው በዚያ ወቅት ተራ ነገር አልነበረም። ትልልቅ ፊልሞች እንዲህ ያለውን ሚና ለወንድ ተዋንያን እየሰጡ ነበር፤ እነሱም ሽልማት ይወስዱበት ነበር።

ማሪና ቀን አስተናጋጅ፣ ማታ ዘፋኝ ናት። ከእሷ በዕድሜ በጣም የሚበልጠው ፍቅረኛዋ ኦርላንዶ በድንገት ያርፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው የሚያመው። ፖሊስ እንደ ተጠርጣሪ ያያታል። የቀድሞ ሚስቱ መኪናውን ትቀበላታለች፤ ልጁ ቤቱን ልቀቂ ይላታል። ውሻዋን ሳይቀር ይወስዱባታል። ለቀብሩም ለለቅሶውም እንዳትመጣ ይከለክሏታል። የምትወደውን ሰው አልቅሳ መቅበር እንኳ አልተፈቀደላትም።

ቬጋ ይህን ሁሉ የተሸከመችው በዝምታ ነው። ሌላ ተዋናይ በጩኸት ሊወጣው በሚችል ቦታ እሷ ፊቷን ታጠነክራለች። አንድ ትዕይንት አለ፤ ማሪና መንገድ ላይ እየሄደች ኃይለኛ ነፋስ ይነሳባታል። ነፋሱ እየበረታ ሲመጣ ሰውነቷን ወደ ፊት አዘንብላ ትታገለዋለች። በመጨረሻ መራመድ ያቅታታል፤ ግን አትወድቅም። አንድም ቃል አልተነገረም። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ጋ ነው። ወደ መጨረሻው ደግሞ መድረክ ላይ ቆማ ከሙዚቃ ደራሲው ከሄንድል ኦፔራ አንድ ዜማ ታዜማለች፤ ለዓመታት የሠለጠነው ድምጿ እዚያ ይሰማል።

ፊልሙ በፌብሩዋሪ 2017 በበርሊን ፌስቲቫል ታይቶ በምርጥ የፊልም ጽሑፍ «የብር ድብ» የተባለውን ሽልማት አገኘ። ማርች 2018 ላይ ደግሞ በምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካር ወሰደ። አንድ የቺሊ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ኦስካር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ምሽት ቬጋ መድረክ ላይ ወጥታ አንድ ሙዚቃ አስተዋወቀች። በኦስካር መድረክ አቅራቢ ሆና የቀረበች የመጀመሪያዋ በግልጽ የምትታወቅ ትራንስጀንደር ሰውም ሆነች። ለምርጥ ተዋናይት ግን አልታጨችም። በእኔ እምነት ይገባት ነበር።

ወደ አገሯ ስትመለስ ጉዳዩ ፖለቲካ ሆነ። የሥልጣን ዘመናቸው ሊያበቃ ቀናት የቀራቸው ፕሬዚዳንት ሚሼል ባችሌት የፊልሙን ባለሙያዎች በቤተ መንግሥት ተቀበሏቸው። ቬጋ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም የእሷ እንዳልሆነ፣ የተወለደችበት አገር የራሷን ስም እንድትይዝ እንዳልፈቀደላት ተናገረች። ሆሊውድ ዳንኤላ ቬጋ ብሎ መድረክ ላይ የጠራት ሴት አገሯ መዝገብ ላይ አሁንም በወንድ ስም ነበረች።

የሥርዓተ ፆታ ማንነት ሕጉ ረቂቅ ከ2013 ጀምሮ ምክር ቤት ውስጥ ሲንከባለል የቆየ ነው። ከኦስካሩ በኋላ ክርክሩ እንደገና ጋለ። ኖቬምበር 2018 ላይ ባችሌትን የተኩት ሴባስቲያን ፒኜራ ፈረሙበት፤ በ2019 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። በሕጉ መሠረት ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በመዝገብ ላይ ያለውን ስሙንና ጾታውን ማስቀየር ይችላል። ለታዳጊዎች ግን የቤተሰብ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ለውጡን ያመጣችው እሷ ብቻዋን ናት ማለት ለዓመታት የታገሉትን መበደል ይሆናል። ሆኖም ሕግ አውጪዎቹ ጉዳዩን በአንድ ሰው ፊት እንዲያዩት አድርጋለች።

ታይም መጽሔት በ2018 ከዓመቱ 100 ተጽዕኖ ፈጣሪ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። በ2019 በአንድ የኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ ላይ በእንግሊዝኛ ተጫወተች። በ2020 በወጣው «ላ ሐውሪያ» በተባለ የቺሊ ተከታታይ ድራማ ደግሞ የፖሊስ መርማሪ ሆና ቀርባለች። ድራማው አንዲት ተማሪ ስለ መጥፋቷና በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት ነው። ቬጋም እዚያ የምትሠራው እንደ ማንኛዋም መርማሪ ፍንጭ መከተልና ተጠርጣሪ ማሳደድ ነው።