ቂርቆስ ጦር አልያዘም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ታቦታቱ ከአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወደ መንበራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ጥር 15 ቅዱስ ቂርቆስን አከበርን። በዚሁ ሰሞን ከምእመናን አፍ የሚያሳዝን ነገር ይሰማል፦ «ቂርቆስ በሦስት ዓመቱ ሰማዕት ከሆነ የ14 ዓመት ልጅ ጠመንጃ ቢይዝ ምን ይገርማል?»

ወገኖቼ፣ ይህ ገድሉን መገልበጥ ነው። ሊጣሉበት የፈላው ጋን እንደ ነጎድጓድ ሲያስተጋባ ሕፃኑ የፈራች እናቱን ኢየሉጣን በጸሎት አጸናት። የማንንም ደም አላፈሰሰም።

ዘኍልቍ 1፥3ን አንብቡ። እግዚአብሔር ሙሴን ለሰልፍ የሚወጣውን ቁጠር ሲለው «ከሃያ ዓመት ጀምሮ» ብሎ ነው። «ዳዊትስ?» ትሉኝ ይሆናል። እሴይ የላከው የተጠበሰ እሸትና አሥር እንጀራ አስይዞ ለወንድሞቹ ስንቅ እንዲያደርስ ነበር፤ ሳኦልም መጀመሪያ ብላቴና ነህ ብሎ ከልክሎታል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮልም ታጣቂ ቡድን ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይመለምል ይከለክላል።

ልጅ ሁልጊዜ ተገዶ አይሄድም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ ይሄዳል፤ አባቱ ሞቶበት «ደሙን የሚመልስ ወንድ የለም ወይ?» ሲባል ይሄዳል። ያን ጊዜ የፎከርንለት፣ እልል ያልንለት እኛው ነን።

ሲመለስ ሌሊት ይባንናል፤ በር ሲላተም መሬት ላይ ይወድቃል፤ በትንሹ ይቆጣል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። ሁሉንም «ጋኔን ነው» ማለት ብዙ ልጅ ይጎዳል። ጸበሉ አይቅርበት፤ ምልክቱ ከአንድ ወር ካለፈ ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ውሰዱት። ራሱን ስለ መግደል ካነሣ ወር አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት። የተጀመረለትን መድኃኒት ጸበል ገባሁ ብሎ አያቋርጥ። ሲባንን አትነቅንቁት፤ ራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ መብራት አብሩ፣ ቤቱ እንደሆነ ንገሩት።

«ስንት ጣልክ?» ብሎ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው? ኑዛዜው የንስሐ አባቱ ነው፣ የዝክር ወሬ አይደለም። ንስሐ አባቶችም ዕድሜውንና መገደዱን መዝኑ፤ እንቅልፍ ላጣ ልጅ ረጅም ጾምና ስግደት አትጫኑበት። በሠርግ ጥይት የምትተኩሱም ተዉ፤ ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አለ።

ትምህርቱን ከ5ኛ ክፍል ያቋረጠውን የ17 ዓመት ልጅ ከሕፃናት ጋር ብታስቀምጡት አፍሮ ይወጣል። የማታ ትምህርት ፈልጉለት፤ ሰንበት ትምህርት ቤትም እኩዮቹ ካሉበት ክፍል አስገቡት።