በስኮትላንድ ተራሮች ስለሚገኙ የጌሊክ ስሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃይላንድስ በሚባለው የሰሜን ስኮትላንድ ተራራማ አገር አብዛኞቹ የቦታ ስሞች ጌሊክ ከሚባለው የስኮትላንድ የቆየ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ዛሬ ካርታ ላይ የምናየውን አጻጻፍ በአብዛኛው ያጸኑት ግን የ19ኛው መቶ ዓመት ቀያሾች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ቋንቋውን አይችሉም ነበር። ስለዚህ ከፊደሉ ተነስቶ ትርጉም መገመት በቀላሉ ያሳስታል።

«አፕልክሮስ ከፖምና ከመስቀል የመጣ ስም ነው።»
ከፖም ጋር አይገናኝም። ቅዱስ ማልሩባ በ673 እ.ኤ.አ. ገዳም የመሠረተበት ይህ ቦታ በጥንት መዛግብት «አፖርክሮሳን» ነው፤ የክሮሳን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ማለት ነው። «አፖር» ከጌሊክ በፊት በአገሩ ይነገር ከነበረው የፒክቶች ቋንቋ የቀረ ሲሆን፣ በአበርዲን ስም ውስጥም አለ። በጌሊክ አቻው «ኢንቨር» ነው፤ ኢንቨርነስም የኔስ ወንዝ መግቢያ ነው። ጌሊክ ተናጋሪዎች ራሳቸው አፕልክሮስን «አ ኾምሪኽ» ይሉታል፦ መማጸኛው፣ በገዳሙ ምክንያት።

«ግሌንኮ የልቅሶ ሸለቆ ማለት ነው።»
ይህ በ1692 እዚያ ከተፈጸመው የማክዶናልድ ጎሣ ጭፍጨፋ በኋላ የተለጠፈ ትርጉም ነው። ስሙ ከጭፍጨፋው ይቀድማል፤ የመጣውም ሸለቆውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው የኮ ወንዝ ነው።

«ለቀለም ስሞች መዝገበ ቃላት ይበቃል።»
ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። «ጎርም» የሩቅ ተራራን ሰማያዊነትም የለመለመ ሣርን አረንጓዴነትም ይይዛል። «ግላስ» ግራጫም ነው፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ አረንጓዴም ነው፤ ኮረብታው ድንጋያማ ይሁን ግጦሽ ሄዶ ካላዩት አይለይም። «ጃረግ» ደማቅ ቀይ ሲሆን «ሩአ» ግን ዳማ ነው። ኬርንጎርምስ የምንላቸው ተራሮች በጌሊክ «አም ሞና ሩአ» ናቸው፣ ዳማዎቹ ተራሮች፤ ድንጋያቸው ቀላ ያለ ግራኒት ነው። ከስፔይ ወንዝ ማዶ ያሉት ደግሞ «አም ሞና ሊያ» ናቸው፣ ግራጫዎቹ። ኬርን ጎርም የአንድ ባለ 1,245 ሜትር ተራራ ስም ነበር፤ እንግሊዝኛው ለሰንሰለቱ በሙሉ ሰጠው። ያው ሰንሰለት በአንዱ ቋንቋ ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ ሆኖ ቀረ።

«ሞር እና ቮር የተለያዩ ቃላት ናቸው።»
አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ትልቅ»። ከሴቴ ስም በኋላ ሲመጣ «ም» ወደ «ቭ» ይለወጣል።

«ሁሉም ስም ጌሊክ ነው።»
ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡት ቫይኪንጎችም ብዙ ስም ትተዋል። ዲንግዎል የሸንጎ ሜዳ፣ ላክስፎርድ የሳልሞን ባሕረ ሰላጤ ነው። ለመለየት የአገሬው ሰው ሲጠራው ያዳምጡ። በጌሊክ የቦታው ዓይነት (እንደ ወንዝ መግቢያ) ይቀድማል፣ መለያው ይከተላል፤ ጠንክሮ የሚጠራውም መለያው ነው፦ ኢንቨር-*ነስ*። በቫይኪንጎቹ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ጠንክሮ የሚጠራው መጀመሪያው ነው፦ *ዲንግ*-ዎል።

«ስሞቹ የተረትና የጀግና መታሰቢያ ናቸው።»
አብዛኞቹ የሥራ ስሞች ናቸው። «አኽ» እርሻ፣ «ባል» መንደር፣ «አሪ» ደግሞ በበጋ ከብት ይዘው ወጥተው ወተት የሚያልቡበት፣ ቅቤና አይብ የሚሠሩበት የተራራ ጎጆ ነው። «አሪ» ካለበት ስም አጠገብ ወንዝ ዳር ይፈልጉ፦ ቡናማው ሣር መካከል ለምለም አረንጓዴ ቦታ ካዩ መሬቱን ያዳበረው የድሮው ከብት ፋንድያ ነው፤ የጎጆዎቹ የድንጋይ መሠረትም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።