የቦታ ዋጋ ምንድን ነው? ልጆች ሃያ አምስትን 205 ብለው የሚጽፉትስ ለምንድን ነው?

የአንደኛ ክፍል ልጅ «ሃያ አምስት ጻፍ» ሲባል 205 ብሎ ቢጽፍ፣ ብዙ ወላጅ ልጁ ያልሰማ ወይም የቸኮለ ይመስለዋል። ልጁ ግን በደንብ ሰምቷል። ሃያ 20 ተብሎ እንደሚጻፍ ያውቃል፤ አምስት 5 ተብሎ እንደሚጻፍም ያውቃል። የሰማውን በሰማው ቅደም ተከተል አስቀመጠው። መቶ ሃያ አምስትን 100205 ብሎ የሚጽፍም ያው ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ እሱም የቦታ ዋጋ ይባላል።

የቦታ ዋጋ ማለት አንድ አኃዝ ስንት እንደሚያወጣ የተቀመጠበት ቦታ የሚወስንበት የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። በቀኝ ጫፍ ያለው የአንድ ቤት ነው፤ ወደ ግራ ሲሄዱ የአሥር ቤት፣ ከዚያ የመቶ ቤት ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት በስተቀኙ ካለው 10 እጥፍ ይበልጣል። በ555 ውስጥ ሦስቱም አኃዞች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን አምስት መቶ፣ ሁለተኛው ሃምሳ፣ ሦስተኛው አምስት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ከ9 በላይ አይገባም። 10 ሲሞላ ተጠቃሎ አንድ ይሆንና ወደ ግራ ይሻገራል። ባዶ የቀረውን ቤት 0 ይጠብቀዋል፤ እሱ ባይኖር 304 እና 34 አይለዩም ነበር።

ይህ ሥርዓት በራሱ ግልጽ እንዳልሆነ ለማየት የግዕዝ አኃዝን መመልከት ይበቃል። ሃያ አምስት በግዕዝ ፳፭ ነው፤ ፳ ብቻውን ሃያ ነው፣ ፭ አምስት። ለአንድ እስከ ዘጠኝ 9 ምልክት፣ ለአሥር እስከ ዘጠና ሌላ 9፣ ከዚያ ለመቶ ፻ እና ለአሥር ሺህ ፼፣ በድምሩ 20 ምልክቶች አሉት። ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ ሁለት መቶ አምስት ሲጻፍ ፪፻፭ ተብሎ ያልቃል። 205 ብሎ የጻፈው ልጅ ያሰበው ልክ በዚህ መንገድ ነው፤ ቃሉን እንደተነገረ ወደ ምልክት ለወጠ። ስለዚህ «ተሳስተሃል» ብሎ መሰረዝ ምንም አያስተምረውም።

የአማርኛ አጠራር በዚህ ትምህርት በአንድ በኩል ያግዛል፣ በሌላ በኩል ያስቸግራል። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ስንል አሥሩ በግልጽ ይሰማል፤ መጀመሪያም ይመጣል። በእንግሊዝኛ አሥራ ሦስት ሲጠራ ሦስቱ ስለሚቀድም፣ በዚያ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች 31 ብለው ሲጽፉ ይታያል። በዓረብኛና በጀርመንኛ ደግሞ ሃያ አምስት «አምስት እና ሃያ» ነው የሚባለው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በጀርመን የሚማር ልጅ ቤቱ ውስጥ በአማርኛ ሲቆጥር አሥሩ ቀድሞ መሰማቱ ይጠቅመዋል። ችግሩ ከሃያ ጀምሮ ነው። «ሃያ» የሚለው ቃል ሁለትን አያስታውስም። ሰላሳ እና ስልሳ ደግሞ በጆሮ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ በቃል ጽሕፈት ላይ 30 ሲባል 60 የሚጽፍ ልጅ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ሳይሆን ቃሉን ነው ያጣው። ለጀማሪ «ስድሳ» ማለት ይሻላል፤ ስድስት ይሰማበታል። ለተወሰነ ጊዜም «ሃያ፣ ሁለት አሥሮች፤ ሰላሳ፣ ሦስት አሥሮች» እያሉ አብሮ መቁጠር ነው።

መሣሪያው ውድ አይደለም። ብዙ ልጆች ቆርኪ ይዘው ይመጣሉ፤ ለመቁጠር ጥሩ ነው፣ አይታሰርም ግን። ለቦታ ዋጋ ጭራሮ ይበልጣል፦ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ 100 ያህል እንጨቶች፣ ሹል ጫፋቸው የተስተካከለ፣ እና 10 ላስቲኮች። ልጁ 34 እንጨት ይሰጠዋል፤ 10 በቆጠረ ቁጥር ራሱ ያስራል። ሦስት እስርና አራት ልቅ ይተርፉታል። ወረቀት ላይ በተሰመሩ ሁለት ዓምዶች እስሮቹን በግራ፣ ልቆቹን በቀኝ ያስቀምጥና ከሥራቸው 3 እና 4 ይጽፋል። እስሩን መምህሩ ወይም ወላጁ አዘጋጅቶ ከሰጠው ዋናው ነገር ይቀራል፤ አሥር አንዶች አንድ አሥር ሲሆኑ በእጁ መሥራት አለበት። የ1 ብር ሳንቲም፣ የ10 እና የ100 ብር ኖት ግሩም መሣሪያ ቢሆኑም ከጭራሮው በኋላ ነው የሚመጡት፤ እስሩ ውስጥ አሥሩ እንጨት ይታያል፣ በኖቱ ውስጥ ግን አሥር ሳንቲም አይታይም፣ ማመን ይጠይቃል።

የ205ን ስሕተት በቀጥታ የሚያርመው ግን ተደራራቢ ካርድ ነው። ከጠንካራ ወረቀት ቁመታቸው 5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 27 ካርዶች ይቆረጣሉ፦ ከ1 እስከ 9 የሚጻፍባቸው 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ10 እስከ 90 የሚጻፍባቸው 6፣ ከ100 እስከ 900 የሚጻፍባቸው 9። እያንዳንዱ አኃዝ ሁልጊዜ የ3 ሳንቲ ሜትር ስፋት መያዝ አለበት፤ አለዚያ አይገጥምም። ልጁ የ20ን ካርድ ያስቀምጥና የ5ን በቀኝ ጫፍ አስተካክሎ ይደርብበታል፤ ዜሮው ይሸፈንና 25 ይነበባል። ካርዱን ሲያነሳ ሃያው ከሥር አለ። ዜሮው ወዴት እንደሄደ በዓይኑ ያያል።

የመደመርና የመቀነስ ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ይመነጫሉ። 27 + 15 = 312 የሚል ልጅ 7 እና 5ን ደምሮ 12 ጻፈ፣ 2 እና 1ን ደምሮ 3 ጻፈ፤ ሁለቱም ድምር ልክ ነው፣ ያጠፋው በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አኃዝ ማስገባቱ ነው። 12ቱ ልቅ እንጨት ታስሮ አንዱ እስር ወደ አሥር ቤት ሲሻገር 42 ይወጣል። 43 + 5 = 93 ከሆነ ደግሞ 5ቱ ከ4 ሥር ተጽፏል፤ ለዚህ ባለ ካሬ ደብተር፣ በአንድ ካሬ አንድ አኃዝ፣ ይበቃል።

መቀነስ ይከብዳል። 52 − 28 ሲሰጠው 36 የሚል ልጅ በየዓምዱ ከትልቁ ትንሹን ቀንሷል፦ ከ8 ላይ 2፣ ከ5 ላይ 2። እዚህ ላይ «መበደር» የሚለው የተለመደ ቃል ራሱ ያደናግራል፤ የተበደረ ነገር ይመለሳል፣ እዚህ ግን ማንም ምንም አይመልስም። «መዘርዘር» ማለት እጅግ ይሻላል። ልጁ ሱቅ ሲላክ አይቶታል፤ የ10 ብር ኖት ሲዘረዘር አሥር አንድ ብሮች ይሆናል፣ ገንዘቡ አልጨመረም አልቀነሰም። 52 ተዘርዝሮ 4 አሥርና 12 አንድ ይሆናል፤ 28 ሲነሣለት 24። በ304 − 128 ላይ የአሥር ቤቱ ባዶ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይዘረዘራል፦ አንዱ መቶ 10 አሥር ይሆናል፣ ከእነዚያ አንዱ ደግሞ 10 አንድ። 2 መቶ፣ 9 አሥር፣ 14 አንድ ቀረ፤ መልሱ 176።

ልጁ ገብቶት እንደሆነ ለማወቅ 16 ቆርኪ ቆጥሮ ያውጣና 16 ብሎ ይጻፍ። በ6ቱ ላይ ጣት አድርገው «ይህ የትኞቹ ቆርኪዎች ናቸው?» ቢሉት ስድስት ያሳያል። ቀጥለው 1ን ይጠይቁት። አንድ ቆርኪ ብቻ ካነሣ፣ እስከ መቶ ሳይሳሳት የሚቆጥር ቢሆንም ወደ ጭራሮው ይመለስ። አሥሩን ሰብስቦ ከገፋልዎ ወደ ሦስት አኃዝ ማለፍ ይችላል።