ራም ጨመርኩ፣ ኮምፒውተሬ «ተቃጠለ»፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጎረቤት ልጅ ዴስክቶፑን አቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ 8 ጊጋ ራም ብጨምርበት ማዘርቦርዱ ተቃጠለ!» ኬዙን ስከፍተው አዲሱ ራም ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ በአንድ ጫፉ ብቻ ገብቷል፤ በሌላው ጫፍ ያለው መያዣ አልተዘጋም። አውጥቼ እንደገና አስገባሁትና ሁለቱንም ጫፎች በአውራ ጣቶቼ ጫን ሳደርጋቸው ቀጭ አለ። ሳበራው ተነሳ። ዕቃ ቀይሮ ኮምፒውተሩ እንቢ ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚላት ቃል «ተቃጠለ» ናት፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የተነካካውን ቦታ ነው።

«ፋኑ ይዞራል፤ ስለዚህ ፓወሩ ደህና ነው።»

ፋን መዞሩ 12 ቮልት ደረሰው ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አይነግርህም። ፕሮሰሰሩ ለብቻው፣ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ አለው። ማዘርቦርድ የቀየረ ሰው ይህን ገመድ ከረሳ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ግራፊክስ ካርድም (ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ዕቃ) እንዲሁ፦ ከተሰካበት ቦታ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የራሱ ገመድ ሊመጣለት ይገባል።

«ስክሪኑ ጨለመ፤ አዲሱ ካርድ ብልሽት አለው።»

የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ እይ። አዲሱ ካርድ ላይ መሰካት ሲገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰካው የድሮው ቦታ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው።

«ራም ያው ራም ነው።»

ራም በትውልድ ይለያያል፦ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ዲዲአር4 በ1.2 ቮልት ይሠራል፤ ከታች ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። አልገባም ካለ አትታገለው። ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብዛኛውን ጊዜ በዘገምተኛው ፍጥነት ይሠራሉ፤ አንዳንዴ ግን አብረው አይስማሙም። ስለዚህ አንድ በአንድ ሞክራቸው። በዲዲአር5 ደግሞ የመጀመሪያው ማብራት ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ማዘርቦርዱ ራሙን እየተለማመደ ነውና ቸኩለህ አታጥፋው። (ራምን በላጲስ መፈግፈግ የተለመደ ነው። እንደ እኔ ግምት ብዙውን ጊዜ የሚያድነው ላጲሱ ሳይሆን አውጥቶ መመለሱ ነው።)

«ባትሪዋን አውጥተህ መልስ፣ ካልሆነ ፎርማት አድርገው።»

ብዙ ሰው ፋይሉን ያጣው በዚህ ምክር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን፣ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ማውጣት የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም) ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመልሳል፤ ይህ አንዳንዴ በእርግጥ ይረዳል። ችግሩ አብሮ የሃርድ ዲስኩ ቅንብርም ሊቀየር መቻሉ ነው፤ «ሬይድ» እና «ኤኤችሲአይ» ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ዊንዶውስ የተጫነው ባዮሱ «ሬይድ» ላይ እያለ ከነበረና አሁን «ኤኤችሲአይ» ላይ ከተመለሰ፣ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያሳይና መነሻ ዲስኩን አላገኘሁትም ይላል። ዲስኩ ደህና ነው፤ የሠርግህ ፎቶም እዚያው ነው። ባዮስ ገብተህ ቅንብሩን ወደነበረበት ብትመልሰው በቂ ነው። እኔ ባትሪዋን ከመንካቴ በፊት የባዮሱን ገጾች በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ኮምፒውተሩ ጨርሶ ካልተነሳ ግን ይህ ዕድል የለምና፣ መጀመሪያ አዲሱን ዕቃ አውጥተህ በድሮው አስነሳው።

«የፓወር ሰፕላይ ገመድ ከገባ ይሠራል።»

ገመዱ የሚነቀል የሆነ ፓወር ሰፕላይ ስትቀይር የድሮውን ገመድ በአዲሱ ላይ አትጠቀም። ወደ ዲስኩ የሚሄደው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ፓወሩ የሚሄደው ጫፍ ግን እንደ አምራቹ፣ አንዳንዴም እንደ ሞዴሉ ይለያያል። 5 ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ 12 ቮልት ሊደርሰው ይችላል።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ደግሞ ከኋላው 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ የቮልት መቀየሪያ ካለ እይ። 115 ላይ እንደሆነ በእኛ 220 ቮልት ከሰካኸው ጷ! ይልና ሽታው ቤቱን ይሞላል። ያኔ «ተቃጠለ» ብትል አልከራከርህም።