በአየር ሰስፔንሽን በሚሄዱ የላንድ ሮቨር መኪኖች ላይ ትልቅ ጎማ መግጠም

ፋብሪካው ከገጠመው የሚበልጥ ጎማ ማሰር በብረት ሞላ በሚሄዱ መኪኖች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። የአየር ሰስፔንሽን (በብረት ሞላ ፈንታ አየር የተሞላ ከረጢት) ያለው መኪና ግን ከፍታው አንድ አይደለም፤ ይነሳል፣ ይተኛል። ጎማው መለካት ያለበት መኪናው በተኛበት ከፍታ ነው።

ላንድ ሮቨር በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የአየር ሰስፔንሽን በሬንጅ ሮቨር ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነበር። በ1994 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር፣ ፒ38፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) ስለነበረው አየሩ አካሉን እንጂ በአክስሉ መካከል ያለውን ዲፈረንሻል አያነሳም፤ ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው።

በ2004 የቀረበው ዲስከቨሪ 3 ይህን በሚያኮራ መንገድ ለወጠው። እያንዳንዱ እግር ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል፤ ዲፈረንሻሉም ከአካሉ ጋር የታሰረ በመሆኑ አብሮ ይነሳል። በመደበኛው ከፍታ ከመሬት 185 ሚሊ ሜትር የሚርቀው መኪና ለአስቸጋሪ መንገድ ሲነሳ 240 ይደርሳል፤ ለመሳፈር ሲተኛ ደግሞ ከመደበኛው 50 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከፋብሪካ ከመጡት ጎማዎች አንዱ 255/60 አር 18 (ስፋቱ 255 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ የስፋቱ 60 በመቶ፣ ቸርኬው 18 ኢንች) ሲሆን ቁመቱ 763 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ265/65 አር 18 ሲተካ ቁመቱ ወደ 802 ያድጋል፤ አካሉ ግን ከፍ የሚለው በግማሹ፣ በ19 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አየሩ ከሚሰጠው 55 ጋር ሲተያይ ትንሽ ቢመስልም፣ ያ ከፍታ ፍጥነቱ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ይወርዳል፤ ጎማው የሰጠው ግን አይወርድም። የጎማው ጎን ከ153 ወደ 172 ሚሊ ሜትር መወፈሩም ቸርኬውን ከድንጋይ ይጠብቃል።

ትልቁ ጎማ መጀመሪያ የሚነካው መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ከፊት ጎማ በስተኋላ ያለውን የፓራፋንጎ የውስጥ ፕላስቲክ ነው። ብዙዎች ቆርጠው ያስተካክሉታል። ሌሎች የከፍታ ጠቋሚዎቹን ዘንጎች በአጫጭር ይተካሉ፤ ኮምፒውተሩ መኪናው ዝቅ ያለ መስሎት አየር ይጨምራል። አጫጭር ዘንጎቹ ሴሚያሱን (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ብረት) ያለጊዜው ይጨርሳሉ የሚሉ አሉ፣ የማይስማሙም አሉ። አከራካሪ ያልሆነው ነገር ሌላ ነው፦ አየሩ ካለቀ መኪናው አጭር ዘንግ ቢኖረውም ባይኖረውም እኩል ይወድቃል። ስለዚህ ሁነኛ መካኒክ አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ፣ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን አዙሮ ሳያይ ሥራውን አያስረክብም። ከጋራዥ ርቆ፣ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር በሞተበት ቦታ፣ ጎማው በፓራፋንጎው ተይዞ አልዞር ካለ መኪናው የትም አይሄድም።

በትልቁ ጎማ ምክንያት የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በ5 በመቶ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ይሁንና የአውሮፓ ደንብ መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዲያሳይ ስለማይፈቅድ፣ ፋብሪካዎች አስቀድመው ጥቂት ያስበልጣሉ፤ ልዩነቱ በከፊል ይካካሳል። የጎማው መጠን በመኪናው ኮምፒውተር ላይ ሊስተካከልም ይችላል።

ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የሚታሰረው ከኋላ ከወለሉ ሥር በመሆኑ ትልቁ ጎማ እዚያ በቀላሉ አይገባም፤ አንዳንዶች በኋላ በር ላይ ወይም በጣሪያ ላይ ይጭኑታል። ዲስከቨሪ 3ን የተካው ባለ 3.0 ሊትር ሞተሩ ዲስከቨሪ 4 ፍሬኑ ትልቅ ስለሆነ ከፋብሪካ የወጣው ባለ 19 ኢንች ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቸርኬ ይዞ ነው፤ የዲስከቨሪ 3ን አነስተኛ ቸርኬ አይቀበልም።