የበጋ እንግዶች፦ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ የወፍ ምልከታ

ፈረንጆች «የክረምት ወፎች» ሲሉ የሚያወሩት ስለ እኛ በጋ ነው። የእነሱ ሐይቅ በረዶ ሲጋገርበትና ነፍሳቱ ሲጠፉ፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ እህል ይታጨዳል። ወፎቹም ይህን ያውቃሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እኛ ዘንድ ይበዛሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ሰው ወፍ ለማየት ሲያስብ ግን ሐሳቡ የሚሮጠው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወይም ወደ ባሌ ነው። ምሥራቁን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ በጣም ይቆጨኛል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረማያ ሐይቅ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሮ ጠዋት የቆላ ወፍ፣ ረፋድ ላይ የሐይቅ ዳክዬ፣ ከሰዓት በኋላ የጀጎልን ጭልፊት ማየት ይቻላል። ይህን የሚሰጥ ሌላ መንገድ ብዙ የለም።

ከወደቡ ይጀምራል

ባቡር ለድሬዳዋ እናቷ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። የወፎቹም መንገድ ከዚያው ከባሕሩ በኩል ነው የሚመጣው።

ትልልቆቹ ንስሮች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ረጅም ርቀት አይሄዱም። ጉልበታቸው አይችለውም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሽቅብ የሚወጣውን አየር ይፈልጋሉ። በእሱ ላይ እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር አይነሳም። ስለዚህ የባሕሩን ጠባብ ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ። ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚያሻግረው ባብ ኤል ማንደብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በ1980 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት ላይ እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፍ ሲያልፍ መዝግበዋል። ከመካከላቸው ከ70 ሺህ በላይ የሚሆነው የስቴፕ ንስር ነው። የሚገርመው፣ ሲመለሱ ብዙዎቹ በዚህ በኩል አያልፉም፤ በሲና በኩል ይዞራሉ።

ጅቡቲ የደረሰ የድሬ ልጅ ወደቡን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው መርከቡና ክሬኑ ላይ ነው። ከከተማዋ ዳር ባሕሩ ሲሸሽ የሚቀረውን ጭቃ ግን ልብ ብሎ ቢያይ ብዙ ያገኛል። ነጭና ጥቁር ለብሶ፣ ወፍራም ምንቃር ይዞ ሸርጣን የሚያሳድድ ወፍ አለ። እንቁላሉን አሸዋ ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚጥለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ። ከቀይ ባሕርና ከአካባቢው ውጭ ብዙም የማይገኝ ዓይኑ በነጭ የተከበበ የባሕር ወፍም እዚያ አለ። ከህንድ አካባቢ በመርከብ ተሳፍሮ የመጣው ቁራ ደግሞ ከተማው ውስጥ እንደ ልቡ ይንጎራደዳል።

ድሬ

የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው በጋ ላይ ሲያየው ያው ወንዝ መሆኑን ለማመን ይቸገራል። ጠዋት ጠዋት አሸዋው ላይ የቀረች ትንሽ ኩሬ ካለች ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምታወዛውዝ፣ ግራጫና ነጭ የለበሰች ቀጭን ወፍ ውሃው ዳር ትሯሯጣለች። ይህቺ ከሰሜን የመጣች ናት።

ከዚራ ደግሞ ለዛፎቹ ጥላ ምስጋና ይድረሰውና ከተማ መሀል ቁጭ ብሎ ወፍ ማየት የሚቻልበት ሰፈር ነው። ሆዱ ብርቱካንማ፣ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ የሆነው ወፍ ከሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ፍርፋሪ ይለቅማል። ይህ ነዋሪ ነው፤ የትም አይሄድም። ውበቱን ግን ስለለመድነው ነው መሰለኝ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

ድሬ ዙሪያ ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የግብፅ ጥንብ አንሳ ነው። ሲጎለምስ ነጭ ነው፤ ፊቱ ቢጫ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር። ወጣቱ ግን ቡናማ ስለሆነ ሰው ሌላ አሞራ ይመስለዋል። ይህ ወፍ በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ከባልካን አገሮች መከታተያ ታስሮላቸው ከተለቀቁት የተወሰኑት በጋውን የሚያሳልፉት እዚሁ፣ በአፋር ቆላና በድሬዳዋ ዙሪያ ነው። ወጣቶቹ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ አፍሪካ ይቆያሉ። ማታ ማታ የሚያድሩት ደግሞ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። ክንፉ ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ከነካ አለቀለት። ይህን ሞት ማስቀረት ከባድ ሥራ አይደለም። ምሰሶው አናት ላይ ያለውን ሽቦ መሸፈን ወይም ሽቦዎቹን አራርቆ መዘርጋት ይበቃል። ለወፉም ለመብራቱም ይጠቅማል።

ግድር መጋላ

ሐረር ስትባል ሰው የሚያነሳው ጅብ ነው። ቀኑ ግን የጭልፊት ነው። ከጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች በየትኛውም ግቡ፣ ወደ ግድር መጋላ ስትቃረቡ ቀና በሉ። የሥጋ ገበያው ላይ ጭልፊቶች ከጣሪያ ጣሪያ እየተቀባበሉ ይዞራሉ።

አንድ ጊዜ በቅርበት አይቻለሁ። አንድ ወጣት ቁራጭ ሥጋ በመዳፉ ይዞ እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከኋላችን ጥላ አለፈ፣ ነፋስ ጉንጬን ነካኝ፣ ሥጋው የለም። የልጁን መዳፍ አየሁት። ጭረት እንኳ የለበትም። ጭልፊቱ ሥጋውን በእግሩ ጨብጦ፣ ሳያርፍ፣ እየበረረ ወደ ምንቃሩ አንስቶ በላው። ሥጋ ገዝተው የሚወጡ እናቶች ዘንቢላቸውን በነጠላ የሚሸፍኑት ያለ ነገር አይደለም።

እዚህ ጋ ትንሽ የዓይን ሥራ አለ። የከተማው ነዋሪ ጭልፊት ሲጎለምስ ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ነው። በጋ ላይ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ ዘመዱ ይቀላቀለዋል። የእሱ ምንቃር ጥቁር ነው፤ ቢጫው ከሥሩ ብቻ። ሁለቱም ጭራቸው መሀሉ ላይ ሰርጎድ ያለ ነው፣ ሁለቱም ሲዞሩ ጭራቸውን እንደ መሪ ያጣምማሉ። ጥር ላይ አንድ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ይቻላል። አንዱ ባለቤት፣ አንዱ እንግዳ።

ሐረማያ

የዚህ ሁሉ ልብ ሐረማያ ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአወዳይ አለፍ ብሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጎን ያለው ሐይቅ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎች ሲለዩ ሐረማያና ጎረቤቱ አደሌ አብረው ተዘርዝረዋል።

ከዚያ ሐይቁ ደረቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ውሃው አልቆ ወለሉ ተሰነጣጠቀ። ከብት ጋጠበት፣ ገበሬ አረሰው። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ለብዙ ዓመታት የተሳበው ከዚሁ ነው። ዙሪያውን ጫትና አትክልት በሞተር ፓምፕ ይጠጣ ነበር። ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ደግሞ ጥልቀቱን እየቀነሰ መጣ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ፀሐይ ቶሎ ያተነዋል። ሐረርም ውሃ አጥታ ከረመች። በኋላ ውሃዋን ከቆላው፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋ ማምጣት ግድ ሆነ። አንድ ከተማ አጠገቡ የነበረውን ሐይቅ ጨርሶ ከተራራ ሥር ውሃ ሲያስወጣ ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ሐረርን ያየ ያውቃል።

ወፎቹስ? ሺህ ኪሎ ሜትሮችን በርሮ የመጣ ዳክዬ ደረቅ ሜዳ ሲያገኝ አማራጩ ትንሽ ነው። ወደ አደሌና ወደ ትንንሾቹ ኩሬዎች የሚሄድ ሄደ፣ ሌላው አለፈ።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ውሃው ተመልሷል። ጥሩ ዝናብ ዘነበ፣ ተፋሰሱ ላይ እርከንና ችግኝ ተሠራ፣ የከተማው ፓምፕም ከሐይቁ ተነስቷል። እንደ ድሮው ነው ማለት አይደለም፤ መጠኑ ከዓመት ዓመት ይለያያል። ግን ውሃ አለ። ውሃ ካለ ደግሞ ወፍ አለ።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ሄጄ ነበር። አንድ ሰዓት አልሞላም። በእነዚህ ወራት ሐረማያ ውርጭ ይጥላል፤ ጣቴ ደንዝዞ ባይኖኩላሩን ማስተካከል አቃተኝ። ጉሙ ሲገፈፍ መጀመሪያ የታዩኝ ጥቋቁር፣ ግንባራቸው ነጭ የሆነ ዳክዬ መሰል ወፎች ናቸው። ዳክዬ አይደሉም፤ እግራቸው እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዘ ሳይሆን በየጣቱ ጠፍጣፋ ቅጠል ያለው ነው። እነሱ ነዋሪ ናቸው። ከእነሱ ማዶ ግን እንግዶቹ ነበሩ። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋ፣ ውሃውን እያጠለለ የሚሄድ ዳክዬ። ጭራው እንደ መርፌ የሾለ፣ አንገቱ ቀጭንና ነጭ የሆነ ሌላ ዳክዬ። ጭቃው ላይ ደግሞ እግሩ ሮዝ፣ ከቁመቱ ግማሹ እግር የሆነ ጥቁርና ነጭ ወፍ በዝግታ ይራመዳል።

አጠገቤ ከብት ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ከላሞቹ እግር ሥር ቢጫ ሆድ ያላቸው ትንንሽ ወፎች ይሯሯጣሉ። ላሟ ስትረግጥ ዝንብ ይነሳል፣ ወፏ ትይዛለች።

«ጋሼ፣ እነሱ የኛ አይደሉም» አለኝ ልጁ። «ሄደው ይመጣሉ።»

ትክክል ነበር። ያቺ ወፍ ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። ከአንድ ደብዳቤ ብዙም አትከብድም። ግን የተፈለፈለችው ምናልባት ከሩሲያ ሜዳ ላይ ነው፣ በረሃና ባሕር አቋርጣ መጥታ ሐረማያ ላይ የላም እግር ትከተላለች። ነጫጮቹ ሳቢሳዎችም እዚያው ላሞች መሀል ናቸው፤ እነሱ ግን የቤት ልጆች ናቸው።

ለሚሄድ ሰው

ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። የውሃ ወፍ ለማየት ጥር ይመረጣል። በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፍ ቆጠራ የሚካሄደውም በዚሁ ወር ነው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይፈጃል፣ ሐይቁ ዳር ሰውና ከብት ይበዛል። ንስርና ጥንብ አንሳ ግን በተቃራኒው ነው። መሬቱ ሞቆ አየሩ እስኪነሳ አይወጡም፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ደንገጎ አናት ላይ ቆሞ ሰማዩን ማየት ነው።

ባይኖኩላር ካለ ደስ ይላል፣ ከሌለም ትዕግሥት ይሠራል። ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ስትይዙ «ወፍ ማየት እፈልጋለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ጅብና ጀጎል አሳይቶ ይመልሳችኋል። ሐይቁ ዳር ያለው መሬት የሰው ማሳ ስለሆነ ገበሬውን ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ። ወፍ ለማስነሳት ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ካያችሁ ባይኖኩላሩን ስጡት። አንዴ ዳክዬውን በቅርበት ካየ ድንጋዩን ይጥላል፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ጭቃው ላይ የሚራመደውን ባለ መካከለኛ ቁመት ቡናማ ወፍ ፈልጉ። በጋውን ሙሉ ተራ ነገር ይመስላል። መመለሻው ሲደርስ ግን የወንዶቹ ደረት ላይ ጥቁር፣ ነጭ፣ ወይም ቀይ ቡናማ ላባ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል። ሰሜን ሄዶ ለሴቶቹ ፊት የሚያጌጥበት ልብስ ነው፤ አንዳንዱ እዚሁ ይጀምረዋል። ያንን ላባ ካያችሁ በሳምንታት ውስጥ ሊነሳ ነው።