ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም

ባለፈው ክረምት ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። «በሳምንቱ ና» አሉኝ። ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። በሌላው ሳምንት ተመለስኩ፤ አሁንም የሉም። ፋይሌ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አየሁት፣ ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል፣ ብቻ ገልጦ የሚያነበው ሰው ጠፋ። ማታ ለአያቴ ስነግራት ቡናዋን እየቀዳች በአንድ ቃል ጨረሰችው። «በለኛ ልጀ! ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።»

አባባሉን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሞቅ ብሎ የተጀመረ ነገር ድንገት ሲቀዘቅዝ፣ መልስ መስጠት ያለበት ሰው አፉን ሲዘጋ፣ አቤቱታ የት እንደገባ ሲጠፋ እንለዋለን። ሽማግሌ ተልኮ የልጅቷ ቤተሰቦች «እናስብበት» ብለው ሲቀሩም ይባላል። እስከዚህ ድረስ ትርጉሙ ቀላል ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ለምን ቄስ ተመረጠ? ዳኛውም ዝም፣ ሕጉም ዝም ማለት ይቻል ነበር። አባባሉ ቤተ ክርስቲያን ድረስ የሄደው እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ዝምታ ከሌላው ሁሉ ስለሚያስፈራ ይመስለኛል።

ከመጽሐፉ ልጀምር። ድሮ መጽሐፍ ማለት ብራና ነው። ቋንቋው ግእዝ፣ አንባቢው ካህን፣ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ሰሚ። (ግእዝ ለማይሰማው ሰው ግድግዳው ያስተምረው ነበር፤ አድያም ሰገድ ኢያሱ የተከሏት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና ያለ፣ እነዚያ የመላእክት ፊቶች ቁልቁል ያዩት ሰው የምለው ይገባዋል።) እዚሁ ጎንደር አንድ መሪጌታ የጸሎት መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥተው አሳይተውኝ ያውቃሉ። የገጾቹ ጥግ በአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል። አንዱ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል። ጽሑፉ ጥቁር ነው፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ግን በቀይ። መሃል ላይ ሌላ ቀይ ስም አየሁ፣ የቅዱስ ያልሆነ።

«ይኼስ የማን ነው የኔታ?» አልኳቸው።

«ያጻፈው ሰው» አሉኝ።

«ለገብርከ»፣ ለአገልጋይህ ማለት ነው፣ ይልና የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር ስሙ አብሮ ይጠራል። መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። የተፋቀው ቦታ በጣት ሲነካ ሻከር ይላል።

እስቲ አስቡት። ያ ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው። ልጆቹ አልፈዋል፣ ቤቱ ፈርሷል፣ ስሙ በእግዚአብሔር ፊት እንዲጠራለት የቀረለት ያቺ ቀይ ቀለምና የአንድ ቄስ ድምፅ ናት። ቄሱ ዝም ካለ መጽሐፉ ዝም ይላል፣ መጽሐፉ ዝም ካለ ያ ሰውም አብሮ ዝም ይላል። አባባሉ ሁለት ዝምታ የቆጠረ ይመስላል፤ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተወለደ ነው።

ጎንደር የአንድምታ አገር ናት። ላይ ቤት፣ ታች ቤት የሚባለው የትርጓሜ ትምህርት ከዚህች ከተማ ጋር ነው የሚነሳው፤ የታች ቤቱም ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር። ንባቡ በግእዝ ይነበባል፣ ከዚያ በአማርኛ «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እየተባለ ይፈታል። እኔም አባባሉን በዚያው መንገድ ልሞክረው።

አንድም፣ አስተማሪው ዝም አለ ማለት ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ሰዎች ሕግን ከካህኑ አፍ ሊፈልጉ ይገባል ይላል (2፥7)። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ቢለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። መጽሐፉ እጁ ላይ ነበር፣ ማንበብም ያውቃል፣ መጽሐፉ ግን ዝም ብሎታል። ይሄኛው ፍቺ ግልጽ ስለሆነ አልቆይበትም።

አንድም፣ አማላጁ ዝም አለ ማለት ነው። ከባዱ ይሄ ነው።

ክህነት ብዙ ጊዜ የሚታየን ከላይ ወደ ታች ሲመጣ ነው። ቄስ ያስተምራል፣ ያጠምቃል፣ ይባርካል፣ ይናዝዛል። ከታች ወደ ላይ የሚሄደውን እንረሳዋለን። ቅዳሴ ስትቆሙ ካህኑን ልብ ብላችሁ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ልክ እንደኛ። ከፊታችን ቆሞ ከእኛው ጋር ነው የሚለምነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ መንገደኛው፣ ስለ ታመመው፣ ስላረፈው። ከዚያ ዞር ይልና «ሰላም ለኵልክሙ» ይለናል፤ «ምስለ መንፈስከ» ብለን እንመልሳለን፤ እሱም ተመልሶ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ለእኔ ክህነት ያቺ መዞር ናት። ወደ እኛ ሲዞር የእግዚአብሔርን ቃል ይዞ ነው፣ ወደዚያ ሲዞር የእኛን ጩኸት።

ኦሪት ዘጸአት 28 ላይ የአሮን ልብስ ሲሠራ ትከሻው ላይ ሁለት ድንጋዮች ይደረጋሉ፣ በየአንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ስም ተቀርጾባቸው፣ 12ቱ ነገድ። ደረቱም ላይ እንደገና 12 ድንጋይ፣ 12 ስም። ካህኑ ወደ መቅደስ ብቻውን አይገባም፤ ስም ተሸክሞ ነው የሚገባው። ከቀሚሱ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ የወርቅ ሻኩራ ይንጠለጠላል፣ ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ። ዛሬ ዕጣን ሲታጠን የጽናው ሻኩራ ሲንሿሿ በሰማሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል። ያው አሮን በዘኍልቍ 16 ላይ መቅሠፍት ሲወርድ ጽናውን ይዞ ሮጠ ይላል። ሽማግሌ ሰው ሮጠ! «በሙታንና በሕያዋን መካከል ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ።» በዚያ ቀን 14,700 ሰው ሞቷል። አማላጅ የሚቆምበት ቦታ የት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ያሳየኝ ንባብ የለም።

ለአባባላችን የሚቀርበው ግን የዘካርያስ ታሪክ ነው፣ ሉቃስ 1። ዘካርያስ ካህን ነው። ሊያጥን ገባ፣ ሕዝቡ በውጭ ቆሞ ይጸልያል። ቆየባቸው። ተጨነቁ። ሲወጣ መናገር አቃተው፣ በእጁ ይጠቅሳቸው ጀመር። ቄሱ ዝም አለ፣ ያውም በቁሙ! መልአኩ «ጸሎትህ ተሰምቶልሃል» ብሎት ሳለ ስላላመነ ነው አፉ የተያዘው። እዚያ ደጅ የቆመውን ሕዝብ ሳስብ ሆዴ ይባባል፤ ልመናቸውን ይዞ የገባው ሰው መልስ ሳይነግራቸው ወጣ። አንደበቱ የተፈታውስ መቼ ነው? ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ሲጽፍ። እዚህም ስም።

ቃሉ ራሱ አማላጅነትን ይዟል። «ቄስ» ከ«ቀሲስ» የመጣ ነው፣ ቀሲስ ደግሞ ከሶርያ ቋንቋ፤ ፍቺው ሽማግሌ። እኛ ጋ ደግሞ ሽማግሌ ምን እንደሚሠራ ይታወቃል። በጎንደር ገጠሮች ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁ ካህናት መስቀል ይዘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይገባሉ። ልጁ የሞተበት አባት ሰው ለምኖት እሺ ላይል ይችላል፤ መስቀሉ ፊቱ ሲቀርብና «ስለ መስቀሉ» ሲባል ግን እጁ ይዝላል። ቄሱ እዚያ የቆመው በራሱ ስም አይደለም። ሲናዝዝም እንደዚሁ ነው፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል፣ «እኔ ፈታሁህ» አይልም።

እዚህ ላይ ፕሮቴስታንት ጓደኞቼ «መካከለኛው አንድ ነው፣ እሱም ክርስቶስ ነው» ይሉኛል፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን ይዘው። ቃሉ እውነት ነው። ያው ምዕራፍ የሚጀምረው ግን ምልጃ ስለ ሰዎች ሁሉ እንዲደረግ በመምከር ነው። እኛ ኦርቶዶክሶች ክርስቶስ በመስቀል ላይ በደሙ አንድ ጊዜ አስታርቆናል፣ ዛሬ ልመናን ተቀባይ አምላክ ነው፣ የሚያማልዱን እመቤታችንና ቅዱሳን ናቸው ብለን እናምናለን። ጓደኞቼ ግን ዛሬም ስለ እኛ የሚማልደው ክርስቶስ ነው ይላሉ፤ አማኝ ሁሉ ካህን ነው ብለውም 1ኛ ጴጥሮስ 2፥9ን ይጠቅሳሉ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፣ አላድበሰብሰውም። ነገር ግን ሳሙኤል ስለ ሕዝቡ መጸለይን መተው እግዚአብሔርን መበደል ነው ያለውን (1ኛ ሳሙኤል 12፥23) ሳነብላቸው አንድም ቀን ተከራክረውኝ አያውቁም። ስለ ሌላው ዝም ማለት በደል ነው። አባባሉ የሚያማርረው ይሄንኑ ነው።

ሰፈራችን የነበሩ አንድ ቄስ በመጨረሻ ዘመናቸው ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ጠፋ። መቀደስ ተዉ። ቢሆንም ማለዳ ማለዳ እየመጡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው። ሰው መስቀላቸውን ሲሳለም ጎንበስ ይልና በጆሯቸው የክርስትና ስም ይነግራቸዋል። የታመመች እናት፣ ዓረብ አገር የሄደች እህት፣ ፈተና የተቀመጠ ልጅ። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፣ በቃ። ያኔ አያቴ ክፉኛ ታማ ነበር። ሄጄ «ወለተ ሥላሴ» አልኳቸው። ነቅነቅ አደረጉ።

ወዲያው መሄድ ስላልሆነልኝ አጠገባቸው ቆምኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከእኔ በፊት የተነገሯቸውን ስሞች ነበር የሚጠሩት፣ አንድ በአንድ፣ ድምፅ በሌለው አፍ። ብዙ ቆየሁ። ወለተ ሥላሴ ላይ ሲደርሱ ከከንፈራቸው አነበብኩት።